የሙዚቃ አፑ ስፖቲፋይ ገንዘብ ቆርጦ ፕሪሚየም (ማስታወቂያ የሌለው፣ የሚከፈልበት) እምቢ ካለ፣ ወይ ዘፈኑ መሃል ላይ እየቆመ ካስቸገራችሁ

ገንዘቡ ከካርዳችሁ ወጥቶ አፑ ግን አሁንም ማስታወቂያ እየለቀቀባችሁ ከሆነ ቶሎ ብላችሁ ድጋሚ እንዳትከፍሉ። ብዙ ጊዜ ነገሩ ሁለት አካውንት ሆኖ ነው የሚገኘው፣ ድሮ በፌስቡክ ገብታችሁ አሁን በኢሜይል ወይ በአፕል ከገባችሁ ሲስተሙ ሁለት ሰው አድርጎ ነው የሚያያችሁ፣ ፕሪሚየሙ እዛኛው ላይ ቁጭ ብሎ እናንተ በባዶው ትጨቃጨቃላችሁ። ደረሰኙ የገባበትን ኢሜይል ፈልጉ፣ ከአፑ ሎግ አውት በሉና በሱ ግቡ። በቃ፣ ግማሹ ሰው እዚህ ጋ ይገላገላል።

ካርዱን ጭራሽ አልቀበልም ካለ ደግሞ መጀመሪያ ቪፒኤን (ያላችሁበትን አገር የሚደብቀውን አፕ) አጥፉ፣ ከዛ አካውንቱ ላይ የተመዘገበው አገርና ካርዱ የወጣበት አገር አንድ መሆኑን እዩ፣ ከዱባይ ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ይሄን ሳይቀይር ነው የሚቸገረው። ባንኩም የኦንላይን ክፍያ ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል ደውላችሁ አስከፍቱ። በቴሌኮም በኩል የተመዘገባችሁ ከሆናችሁ ክፍያውን የምታስተካክሉት እነሱ ጋር ነው፣ ስፖቲፋይ ገጽ ላይ ብትደክሙ ዋጋ የለውም።

ዲያስፖራው ሁሌ የሚጠይቀው ደግሞ አዲስ አበባ ያለችውን እህቴን ፋሚሊ ፕላን ውስጥ ላስገባት ወይ ነው። ፕላኑ 6 ሰው ይይዛል ግን ሕጉ አንድ ቤት ለሚኖሩ ነው የሚለው፣ አድራሻ አረጋግጡ ያሉ ቀን ትወጣለች፣ እኔ አልመክርም። ጊፍት ካርድም ልላክ እንዳትሉ፣ በተገዛበት አገር ላለ አካውንት ብቻ ነው የሚሰራው።

አሁን ወደ ዘፈኑ። ስክሪኑ ሲጠፋ ሙዚቃው አብሮ ጸጥ የሚል ከሆነ ኢንተርኔቱን አትስደቡ፣ አንድሮይድ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ አፑን እየዘጋው ነው። ሴቲንግ ውስጥ አፕስ፣ ስፖቲፋይ፣ ባትሪ የሚለው ጋ ገብታችሁ ያለ ገደብ እንዲሰራ ፍቀዱለት፣ ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ ስልኩ ይዞት የሚመጣው የራሱ ማናጀር አፕም ስላለ እዛም ፍቀዱ። ዘፈኑ ቆሞ የናንተ ባልሆነ ሌላ ስልክ ላይ እየተጫወተ ነው ካላችሁ ፓስወርዳችሁን የያዘ ሰው አለ ማለት ነው (የቀድሞ ፍቅረኛም ሊሆን ይችላል)፣ ፓስወርድ ቀይሩና በብራውዘር አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ከሁሉም ስልክ ውጣ የሚለውን ንኩ።

ዳውንሎድ ያደረጋችሁት ከጠፋ፣ ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ከፍታችሁ አፑን ካልከፈታችሁት ያጠፋዋል፣ ከ5 ስልክ በላይም አይፈቅድም። አፑ ሲንቀራፈፍ ካሹን (አፑ ለጊዜው ያጠራቀመውን ፋይል) አጽዱ እንጂ አንኢንስቶል አታድርጉ፣ ካሽ ማጽዳት ዳውንሎዱን አይነካም፣ አንኢንስቶል ግን ሙልጭ ያደርገዋል። ግራጫ ሆኖ አልከፈት ያለ ዘፈን ግን ብዙ ጊዜ የዘፈኑ ባለመብቶች ፈቃድ ጉዳይ ነው፣ እንደዛ ከሆነ ፈቃዱን እናንተ ማስተካከል አትችሉም፣ ግን አንዳንዴ ያው ዘፈን በሌላ አልበም ስም ተጭኖ ስለሚገኝ ዘፋኙ ገጽ ላይ ገብታችሁ ፈልጉ።