የውሃ ኤሊ ገንዳ ሙቀት በባሕር ዳር፦ በምን፣ የትና መቼ እንደሚለካ

ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት ስለሚባል፣ ቤታቸው የውሃ ኤሊ የሚያሳድጉ ብዙዎች የገንዳውን ውሃ በጣታቸው ነካ አድርገው ያልፋሉ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ነክተውት ለብ ያለው ውሃ በጥር ወር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ግን ሌላ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በታኅሣሥና በጥር የሌሊቱ አየር ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ገንዳ ቅዝቃዜውን ከሥርም ከላይም ይቀበላል። ኤሊ ደግሞ የራሷ የሰውነት ሙቀት የላትም፤ ውሃው የሞቀውን ያህል ትሞቃለች፣ የበላችውን የምትፈጨውም በሽታ የምትቋቋመውም በዚያው መጠን ነው።

በቤት በብዛት የምትያዘው ከዓይኗ ጀርባ ቀይ መስመር ያለባት ኤሊ ናት። ለአዋቂዋ ውሃው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ፣ ገና ለተፈለፈለችው ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን። ወጥታ የምትሞቅበት ደረቅ ቦታ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልገዋል፤ እሱ ለብቻው ይለካል። ውሃው ከ20 በታች ሲወርድ የምግብ ፍላጎቷ ይቀንሳል፤ የበላችውም ሆዷ ውስጥ ቶሎ ሳይፈጭ ይቆያል። ሙቀቱ ሲበዛም ጉዳት አለው። ወደ 30 የተጠጋ ውሃ ኦክስጅን መያዝ ይቀንሳል፣ ከኩሷ የሚወጣው አሞኒያም ይበልጥ መርዛማ ይሆናል። በዚያ ላይ ውሃው ራሱ ከሞቃት ቦታዋ ጋር ስለሚቀራረብ ለመሞቅ መውጣቷን ትተዋለች፤ ዛጎሏ በደንብ ሳይደርቅ እየዋለ ይበሰብሳል።

መለኪያ ሲገዙ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ሴንሰር ያለው፣ የቀኑን ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት በማስታወሻው የሚይዝ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይምረጡ። ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ማስታወሻው ነው፤ ውሃው በጣም የሚቀዘቅዘው እርስዎ ተኝተው ሳሉ ነውና። መስታወቱ ላይ ከውጭ የሚለጠፈው ስስ መለኪያ የሚያሳየው የመስታወቱን ሙቀት ነው፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ አብሮ ይወርዳል። እንደ ሽጉጥ አነጣጥረው የሚለኩበት የጨረር መለኪያ ለደረቁ ቦታ ጥሩ ነው፤ ውሃ ላይ ግን ገጹን ብቻ ያነባል፣ በመስታወት በኩል ካነጣጠሩት ደግሞ መስታወቱን። ቤት ያለው የትኩሳት መለኪያ ከ32 ዲግሪ በታች ስለማይጀምር ለዚህ አይሆንም። ሜርኩሪ ያለበትን መለኪያ ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አያስገቡ፤ ኤሊዋ ነክሳ ትሰብረዋለች።

አዲስ መለኪያ ከመታመኑ በፊት ይፈተን። አንድ ብርጭቆ በተሰባበረ በረዶ ይሙሉ፣ በረዶው እስኪሸፈን ንጹሕ ውሃ ይጨምሩ፣ ያማስሉትና ሴንሰሩን መሐሉ ላይ ያድርጉ፤ የብርጭቆውን ጎንም ሥሩንም አይንካ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ 0 ማሳየት አለበት። 1.5 ካሳየ መጣል አያስፈልግም፤ «1.5 ቀንስ» ብለው ፕላስተር ላይ ጽፈው ይለጥፉበት። በፈላ ውሃ ግን አይፈትኑ። በባሕር ዳር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 100 የሚጠብቅ ሰው ደህናውን መለኪያ ተበላሸ ይላል። ርካሾቹማ ያን ያህል ሙቀትም አይችሉም።

ሴንሰሩ የሚቀመጠው ከማሞቂያው በጣም በራቀው ጥግ፣ ከወለሉ ሦስት አራት ጣት ከፍ ብሎ ነው። ማሞቂያው አጠገብ ከሆነ 26 እያሳየ ሌላው ጥግ 22 ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ መለኪያ ካለዎት ከላይ፣ ማሞቂያው ባለበት በኩል ያድርጉት። በሁለቱ መካከል ከ2 ዲግሪ በላይ ልዩነት ካለ ውሃው አይዞርም ማለት ነው፤ የፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) መውጫ ወደ ማሞቂያው ያዙሩት። ሽቦውን በመምጠጫ ጎማ ከመስታወቱ ጋር አጣብቀው ይያዙ፤ የተንጠለጠለ ሽቦ ለኤሊ ትል ነው የሚመስላት።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ደብተር ላይ ይጻፉ፣ ማስታወሻውን ያጥፉ። በሁለቱ መካከል ከ3 ዲግሪ በላይ ልዩነት ሲደጋገም ከማሞቂያው በፊት ቦታውን ይመርምሩ፤ ከመስኮት ፀሐይ ያርቁት፣ ከሥሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ፎም ያንጥፉለት።

ማሞቂያው ላይ ያለው ቁጥር ምኞት እንጂ ልኬት አይደለም። ለ100 ሊትር ውሃ ከ100 እስከ 150 ዋት ይበቃል። 100 ሊትርን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ባለ 150 ዋቱ 47 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ እየሞቀ የሚያመልጠው ሙቀት ሲታከልበት ከዚያም ይበልጣል። ከ19 ወደ 25 ለመድረስ አምስት ስድስት ሰዓት መጠበቅ ግድ ነውና ቶሎ አልሞቀም ብለው ቁጥሩን አይጨምሩ። ማታ መብራቱ ሲደክም ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ ባለ 150 ዋቱ 100 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። በጣም የሚያስፈራው ብልሽት ግን ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ተጣብቆ ሳያጠፋ የሚቀርበት ነው። ለብቻው የሚገዛ ቴርሞስታት (ውሃው የተወሰነ ሙቀት ሲደርስ መብራቱን የሚቆርጥ መሣሪያ) በ28 ዲግሪ እንዲቆርጥ አድርገው በሶኬቱና በማሞቂያው መካከል ያስገቡለት። ማሞቂያውን በተበሳሳ የፒቪሲ ቱቦ ይሸፍኑት። ገመዱ ዲቫይደሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዘለስ ይበል፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በወፍራም ጋቢ ይጠቅልሉት፤ ከላይ ግን ለአየር ክፍተት ይተዉ። ጥፋቱ ከረዘመ የፈላ ውሃና የቧንቧ ውሃ እኩል ቀላቅለው (57 ዲግሪ ገደማ ይሆናል) በሁለት ሊትር ሃይላንድ ሞልተው ክዳኑን አጥብቀው ያንሳፉ። ያልተቀላቀለ የፈላ ውሃ ሃይላንዱን ያኮማትረዋል። አንዱ ሃይላንድ 100 ሊትሩን ከአንድ ዲግሪ በታች ነው ከፍ የሚያደርገው፤ ስለዚህ ሦስት አራት ያስፈልጋል።

በዚህ ድካም ተሰላችቶ «ጣና ሞቃት ነው፣ እዚያ ትኑር» የሚል አይጠፋም። ሐይቁ በእርግጥ ይመቻታል፤ አደጋውም እሱ ነው። ይህች ኤሊ በዓለም ከታወቁት ወራሪ እንስሳት አንዷ ናት። እምቦጭ በሐይቁ ላይ ያደረሰውን ያየ ሰው ሌላ መጤ አይጨምርበትም። ማሳደጉ ካልሆነልዎ ለሚያሳድግ ሰው ይስጧት።

ውሃ ሲቀይሩ ማሞቂያውን ከ20 ደቂቃ በፊት ይንቀሉ፤ ጋለ ብሎ ከውሃ የወጣ መስታወት ይሰነጠቃል። የሮቶ ውሃ ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ከሰዓት በፀሐይ ይግላል፤ ለክተው ከገንዳው ጋር በ2 ዲግሪ ውስጥ ሲቀራረብ ብቻ ይጨምሩ። ገንዳ ውስጥ የገባ መለኪያ ለማድ ቤት አይመለስ፤ ኤሊ ሳልሞኔላ (ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ) ልትይዝ ትችላለች፣ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ቀኑን ሙሉ ከደረቁ ቦታ የማትወርድ ከሆነ መጀመሪያ የውሃውን ቅዝቃዜ ይጠርጥሩ። ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ከተንሳፈፈች፣ ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ሳንባዋ ታሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ውሃውን በቀን ከ2 ዲግሪ ሳያልፉ ወደ 27 ያድርሱትና የሙቀት ደብተርዎን ይዘው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።