ቱርቦ ሞተር ቱን ከማድረጋችሁ በፊት፦ ሴንሰር እንዴት እንደሚመረጥና ሽቦው እንዴት እንደሚዘረጋ

ቱርቦ ያለው ሞተር ስህተት አይምርም። በሙሉ ግፊት እየሄደ ቤንዚን ካጠረው ፒስተኑ በሴኮንዶች ውስጥ ሊቀልጥ ይችላል። የሞተሩ ኮምፒውተር፣ ኢሲዩው፣ ደግሞ የሚያውቀው ሴንሰሮቹ የነገሩትን ብቻ ነው። ቱን ለማድረግ፣ ማለትም የኢሲዩውን ቁጥሮች ለማስተካከል፣ ላፕቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ።

ማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት ከሚለካው ማፕ ሴንሰር እንጀምር። ብዙ ሰው ቁጥሩ ላይ ይሳሳታል። ማፕ ሴንሰር የሚቆጥረው ከዜሮ ነው፤ ማለትም ያለ ቱርቦም የነበረውን 1 ባር ገደማ የከባቢ አየር ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ 2 ባር የተባለ ሴንሰር የሚያሳያችሁ የቱርቦ ግፊት 1 ባር አካባቢ ድረስ ብቻ ነው። 1.5 ባር ለመንፋት ካሰባችሁ 3 ባሩን ግዙ። ልክክ የሚለውን አትግዙ፤ ግፊቱ ድንገት ሲዘል ሴንሰሩ ጫፉ ላይ ይደርስና ይቆማል፣ አየሩ እየጨመረ ኢሲዩው ግን ያው ነው ብሎ ያስባል።

የአየር ሙቀት ሴንሰሩ ከኢንተርኩለሩ በኋላ፣ ስሮትሉ አጠገብ ይግባ። ጫፉ ለአየር ክፍት የሆነውን ምረጡ። ጫፉ በናስ የተዘጋው ለውሃ የተሠራ ነው፤ አየር ላይ ሲገባ ይዘገያል፣ እናንተ ጋዝ ረግጣችሁ ስትጨርሱ ነው ሙቀቱን የሚነግራችሁ።

ላምዳ ላይ፣ ማለትም ከጭሱ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን በሚለካው ሴንሰር ላይ፣ አትሰስቱ። ብዙ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ናሮውባንድ በትክክል የሚያውቀው 14.7 አካባቢ ያለውን ድብልቅ (ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር) ብቻ ነው፣ ቱርቦ ሲነፋ ደግሞ የምትፈልጉት ከዚያ በጣም የወፈረ፣ ቤንዚን የበዛበት ነው። ዋይድባንድ ያስፈልጋችኋል፤ ቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 ጥሩ ምርጫ ነው። ከቱርቦው በኋላ፣ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ራቅ አድርጋችሁ አስገቡት፤ ከቱርቦው በፊት ያለው ግፊትና ሙቀት ንባቡን ያበላሸዋል፣ ሴንሰሩንም ይገድለዋል። ከአግድም መስመር ቢያንስ 10 ዲግሪ ከፍ ብሎ ጫፉ ቁልቁል ይመልከት፣ አለዚያ የሚጠራቀመው ውሃ የጋለውን ሴራሚክ ይሰነጥቀዋል። ኤሌክትሪክ ሳይገናኝለትም ማርሚታ ላይ ሰክታችሁ አትንዱ፤ ጥቀርሻ ይበላዋል።

የቤንዚን ግፊት ሴንሰር እንደ ትርፍ ነገር የሚያዩ አሉ። እኔ ያለ እሱ ቱን አላደርግም። የቤንዚኑን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ከማኒፎልዱ ጋር በቱቦ ከተገናኘ፣ መነሻው 3 ባር የሆነ ግፊት ቱርቦው 1.5 ባር ሲነፋ 4.5 መድረስ አለበት። 3.8 ላይ ከቀረ ፓምፑ ወይም ፊልትሩ ደክሟል ማለት ነው፣ ላፕቶፕ ላይ የምትጨምሩት ቁጥር አያድናችሁም። እስከ 10 ባር የሚለካ፣ ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት የሚያወጣ ይበቃል። የሞተሩን ማንኳኳት የሚሰማውን ኖክ ሴንሰር ደግሞ ቀለሙ የተፋቀ ንጹህ ብሎክ ላይ፣ ያለ ሮንዴላ እሰሩት፤ ጠፍጣፋው የቦሽ ዓይነት በ20 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል።

አሁን ወደ ሽቦው። ዋናው ጣጣ ግራውንድ፣ የኔጌቲቩ መመለሻ፣ ነው። አንድ ጊዜ የላምዳው ጌጅ 11.8 እያለ ኢሲዩው 12.1 ይላል። ቤንዚን ልጨምር ስል የራዲያተሩ ፋን ጠፋ፣ ሁለቱ ቁጥሮችም ገጠሙ። ፋኑ ተነሳ፣ እንደገና ተለያዩ። የላምዳውን ግራውንድ ያሰርኩት ከፋኑ ጋር እዚያው ሻንሲ ቡሎን ላይ ነበር። ጌጁ ወደ ኢሲዩው የሚልከው 0 እስከ 5 ቮልት ከ10 እስከ 20 ለሆነ ንባብ ሲመደብ፣ 0.15 ቮልት ማለት 0.3 ስህተት ነው። ያ ቡሎን ባይገኝ ኖሮ የኢሲዩውን የቤንዚን ካርታ (ሠንጠረዥ) በሙሉ በውሸት ቁጥር እሞላው ነበር።

ስለዚህ የማፕ፣ የሙቀትና የግፊት ሴንሰሮች ግራውንድ ሁሉ ወደ ኢሲዩው የሴንሰር ግራውንድ ፒን ይመለስ፣ ሻንሲ አይንካ። የላምዳው ማሞቂያ ብዙ አምፒር ስለሚስብ የራሱ ፊውዝ ይኑረው፣ ግራውንዱም ኢሲዩው ራሱ በታሰረበት ነጥብ ላይ ይታሰር። 5 ቮልቱን ሴንሰሮቹ ይጋሩታል፣ አንዱ ሾርት ካደረገ ሌሎቹም አብረው ይዋሻሉ፤ ይህ ሽቦ ማርሚታና ሹል ብረት አጠገብ አይለፍ። የክራንክ ሴንሰሩና የኖክ ሽቦዎች ሺልድ (ከኤሌክትሪክ ረብሻ የሚከላከል ሽፋን) ያላቸው ይሁኑ፣ ከኮይል ሽቦ ይራቁ፣ ሺልዱም ግራውንድ የሚደረገው በኢሲዩው በኩል ባለው ጫፍ ብቻ ነው።

ሳታስነሱ ፈትሹ። መኪናው አድሮ በቀዘቀዘበት ጠዋት ቁልፉን ክፈቱ። የውሃውና የአየሩ ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለበት። ማፑ ያላችሁበትን ቦታ የከባቢ አየር ግፊት ያሳይ፤ ባሕር ጠለል አካባቢ ከሆናችሁ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ ከፍታ ላይ ከሆናችሁ ከዚያ በታች። ከዚያ አስነሱና የሴንሰሮቹን ንባብ ላፕቶፕ ላይ (ሎግ) እየቀዳችሁ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት። አንዱ መስመር ዘለል ካለ፣ እጃችሁ ያለበትን ሶኬት ፈታችሁ ፒኑን እዩት።