ከእስር የወጣ ሰው አላችሁ? ድግሱን ቀንሱና ለሁለተኛው ወር አስቡ

ድሬዳዋ ላይ ሰው ሲፈታ አቀባበላችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባጃጅ ይደረደራል፣ ፍየል ይታረዳል፣ ከሳቢያን እስከ መጋላ ዘመድ ይጠራራል፣ እናት እልል ትላለች። ደስ ይላል። በሳምንቱ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። ሰውየው እናቱ ሳሎን ፍራሽ ላይ፣ መታወቂያ የለው፣ ኪሱ ባዶ፣ ከሰዓት በኋላውን የት እንደሚያሳልፍ እንኳን ሳያውቅ ብቻውን ይቀራል። እኔ በሰፈራችን እድር ስላለሁ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ጊዜ ገብቻለሁ። ያየኋቸው ሰዎች የተሰናከሉት በወጡበት ቀን አይደለም። ሰው ሁሉ ሲረሳቸው ነው።

ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይሄ ነው፦ ለድግሱ ካሰባችሁት ብር ግማሹን አስቀምጡ። እውነቴን ነው፣ ፍየሉ ይቅር። ብሩ ለወረቀት፣ ለትራንስፖርት፣ ለሥራ ዕቃ መግዣ፣ ምናልባትም ለሁለት ወር የቤት ኪራይ ይፈለጋል።

ሳይወጣ ጀምሩ

ስንቅ ስታመላልሱ የከረማችሁ ቤተሰቦች፣ ሥራው ከእናንተ ይጀምራል። መፈቻው ሲቃረብ በጠያቂ ሰዓት ወሬውን ቀነስ አድርጉና ይሄን ጠይቁት፤ ቅጣቱን ጨርሶ ነው የሚወጣው፣ በይቅርታ ነው ወይስ በአመክሮ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። በአመክሮ የሚወጣ ሰው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ፣ ጠባዩ ታይቶ የተለቀቀ ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት ታስሮ። ጨርሶ ተገላገለ ማለት አይደለም፤ የተሰጠውን ግዴታ ከጣሰ ወይም ሌላ ጥፋት ውስጥ ከገባ የቀረው ቅጣት ተመልሶ ሊፈጸምበት ይችላል። ግዴታዎቹን በወሬ ሳይሆን በወረቀት እዩ። ያለ ፈቃድ ከከተማ አትውጣ ተብሎ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ያለው አጎት «ና እኔ ጋ ሥራ አለ» ሲል ማን ነገሩን እንደሚያስረዳው ከወዲሁ ተነጋገሩ።

የት ያድራል የሚለውም እሱ ከመምጣቱ በፊት ይወሰን። «ቤቱ ያንተ ነው» ማለት ቀላል ነው። ክፍሉን ግን ታናሽ ወንድሙ አግብቶ ይዞታል፣ ምራቲቱ አታውቀውም፣ ልጆቹ ይፈሩታል። ይሄ ሁሉ እሱ በተቀመጠበት ሲወራ ሰውን ይሰብራል። አስቀድማችሁ ተጣሉና አስቀድማችሁ ታረቁ።

ወረቀት፣ ወረቀት፣ ወረቀት

ሲወጣ የሚሰጠውን የመፈቻ ወረቀት ያኔውኑ ኮፒ አድርጉ፣ በስልክም ፎቶ አንሱት። ዋናው እናት ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ፤ ኪሱ ይዞት ከዞረ በላብ ይበላሻል፣ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ቀጥሎ የቀበሌ መታወቂያ ነው። መታወቂያ ከሌለ ፋይዳ ለማውጣት ይቸገራል፣ ያለ ፋይዳ አዲስ የባንክ ሂሳብ አይከፈትም፣ በስሙ ሲም ካርድ ማውጣትም ራስ ምታት ነው። ቀበሌ ብቻውን አትላኩት። አንድ ሠራተኛ «ነገ ተመለስ» ካለው እናንተ ነገ ትመለሳላችሁ፣ እሱ ግን «እኔን ስላወቁኝ ነው» ብሎ ዳግም ላይሄድ ይችላል። የእድር ዳኛ ወይም ጎረቤት የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ አብሮት ይሂድ። መንጃ ፈቃድ የነበረው ከሆነም እድሳቱን ጠይቁ፣ ባጃጅ ለመያዝ ያስፈልገዋል።

ብዙ ዓመት የታሰረ ሰው ከተማው ራሱ ያስደነግጠዋል። ከ2013 በፊት የገባ ሰው የ200 ብር ኖት አያውቅም፤ የ10፣ የ50 እና የ100ውም መልክ በዚያው መስከረም ተለውጧል። ቴሌብር የመጣው ግንቦት 2013 ነው። ሳፋሪኮምም ነሐሴ 2014 አገልግሎቱን መጀመሪያ የጀመረው እዚሁ ድሬ ስለነበር፣ በ07 የሚጀምር ቁጥር ሲያይ «ይሄ የውጭ ነው?» ቢላችሁ አትሳቁ። ስልክ አጠቃቀሙን ቤት ውስጥ፣ ልጆች በሌሉበት፣ ቀስ ብላችሁ አሳዩት። የሰፈር ልጆች ፊት አታስተምሩት። የመጀመሪያው ቀን ቀፊራ ገበያ አብራችሁት ውጡና ዋጋውን ይስማ። ዘይትና ሽንኩርት ስንት እንደገባ ሳያውቅ «50 ብር ስጡኝ» ብሎ ወጥቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ ከቤት መውጣት ይተዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች

ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። አንድ ጎረቤታችን ሲወጣ መብራት ጠፍቶ መተኛት አቃተው። ታስሮበት የነበረው ክፍል ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይበራበት ነበር፣ በዚያ ላይ የብዙ ሰው ትንፋሽ አለ። ጨለማና ፀጥታ ሲሆን ላብ በላብ ሆኖ ይነሳል። ሚስቱ ምንም ሳትናገር የበረንዳውን አምፖል እያበራች፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ትታ፣ ሬዲዮ ቀነስ አድርጋ መክፈት ጀመረች። ተኛ። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ደግሞ የትም ቢሆን ተነስቶ ወደ ቤት ይገባ ነበር፣ የቆጠራ ሰዓት ነዋ! «ምን ሆነህ ነው» ብሎ ማፋጠጥ አያስፈልግም። ጊዜ ስጡት። እንቅልፉ ወራት ቆይቶም ካልተመለሰ፣ ወይም ራሱን ስለማጥፋት ካወራ ግን ሐኪም ጋ ውሰዱት እንጂ በጸሎትና በምክር ብቻ አትያዙት።

ጤናውንም ያስመርምር። እስር ቤት ተጨናንቆ ስለሚታደርበት ሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ ይተላለፋል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳለ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል፣ ካልሆነም ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ተቋማት ነፃ ነው። መድኃኒት ውስጥ ጀምሮ ከሆነ የማስተላለፊያ ወረቀቱን ይዞ ይውጣ። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል፣ በመሀል ማቋረጥ ደግሞ በሽታውን መድኃኒት የማይበግረው ሊያደርገው ይችላል። የኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስድም እንደዚሁ ነው፣ እሱም ነፃ ነው፣ አንድ ቀን እንኳን መቋረጥ የለበትም።

የተበዳይ ቤት

አሁን ከባዱ ነገር። ድሬ ሰፊ ትመስላለች እንጂ ጠባብ ናት። ሰውየው የገባው በሰው ጉዳት ከሆነ፣ የተጎዳው ሰው ወገን ሁለት ቅያስ ወረድ ብሎ ሊኖር ይችላል። ፍርድ ቤቱ ፈርዶ፣ ቅጣቱ አልቆ፣ ደሙ ግን ያልደረቀበት ቤት አለ። ይሄን እያወቃችሁ ባጃጅ ደርድራችሁ፣ ጥሩምባ እያስነፋችሁ በዚያ በር ማለፍ ነውር ነው፣ አደጋም ነው።

ሽማግሌ ከመፈታቱ በፊት ይሂድ። ድሬ ላይ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው አንድ ግቢ ውስጥ ስለሚኖር፣ ሽማግሌዎቹን ስትመርጡ የተበዳዩን ቤት ወግ የሚያውቅ ሰው ጨምሩበት። አንዱ ቤት ጉማ (የኦሮሞው የደም ካሣ) ካልተከፈለ እርቅ አይባልም፣ ሌላው መግ (የሶማሌው የደም ካሣ) ይጠይቃል፣ ሌላው ካህን መስቀል ይዞ ይግባ ይላል፣ ሌላው ቃዲውን ወይም ሼኩን ይፈልጋል። የእናንተን ወግ ይዛችሁ ሄዳችሁ «እንቢ አሉን» አትበሉ። ካሣ ከተቆረጠም የሚከፈልበትን ጊዜ የምትችሉት አድርጉት፤ ቃል ገብቶ ማጠፍ ከመጀመሪያው በደል ይብሳል።

ተበዳዩን ግን አታስጨንቁ። ይቅር ማለት የሱ ፈንታ ነው። «አሁን አልችልም» ካለ ሽማግሌው ተነስቶ ይመርቅና ይውጣ። ጥፋቱ አስገድዶ መድፈር ከሆነ ደግሞ ልጅቷ ደጅ ማንንም እንዳትልኩ። ሰውየው ሌላ ሰፈር ይኑር፣ እሷ የምትሄድበት መንገድ ላይ አይታይ። የሱ ሕይወት መስተካከል አለበት፣ በሷ ሰላም ኪሳራ ግን መሆን የለበትም።

ከሰዓት በኋላ

የድሬ ችግር ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ሁሉም ይሯሯጣል። ከዚያ ሙቀቱ ይበረታል፣ ሱቁ ይዘጋጋል፣ ከአወዳይ የመጣው ጫት ይዘረጋል። ሥራ የሌለው ሰው በርጫ ላይ ሁሌም ቦታ ያገኛል፣ የሚጋብዘውም አያጣም። ለመጀመሪያው ሳምንት ጫወታ ነው። ቆየት ሲል ግን ጋባዡ «እስቲ ይቺን ዕቃ እዚያ ድረስ አድርስልኝ» ይላል። ብዙ ነገር እንዲህ ይጀመራል።

አትቃም ብሎ መስበክ ድሬ ላይ አያዋጣም፣ እኔም አልሞክረውም። የሚሠራው ሰዓቱን መያዝ ነው። ከ8 እስከ 11 ሰዓት ያለውን ጊዜ የሚሞላ ነገር ፈልጉለት፣ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም። የዘመድ ሱቅ መጠበቅ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ የእድሩን ድንኳንና ወንበር መቆጣጠር፣ የማታ ትምህርት መመዝገብ፣ የሚያስፈልግ ከሆነ የአባቱን ግቢ ቀስ እያለ መጠገን። በየቀኑ የሚጠብቀው ሰው ያለው ሰው ለጋባዡ «አልችልም አቦ፣ ሰው ይጠብቀኛል» የሚልበት ምክንያት ይኖረዋል።

ሥራና ተያዥ

ፋብሪካና መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ አሻራ፣ ማለትም ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃሉ፣ ተያዥም ይፈልጋሉ። በዚያ በር አትጀምሩ፤ በሩ ሲዘጋበት ሞራሉ አብሮ ይዘጋል። በሚያውቃችሁ ሰው በኩል በእጅ ሙያ ጀምሩ። ውስጥ ሳለ እንጨት ሥራ፣ ብየዳ፣ ሽመና ወይም ልብስ ስፌት ተምሮ ከሆነ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተና ወስዶ ሙያውን በወረቀት ያስመስክር።

የሰፈራችን አንድ ልጅ እንጨት ሥራ ውስጥ ነው የለመደው። የአናጺ ቤቱን ባለቤት ለምነን ለአንድ ቀን ሙከራ አስገባነው። ታሪኩን አልደበቅንም፣ ዝርዝሩን ግን ለልጁ ተውነው። ማታ ሲጨርስ ወለሉን ጠረገ፣ መዶሻውን፣ መሮውን፣ መጋዙን፣ ሜትሩን በተራ ደረደረና ቆጥሮ «ሙሉ ነው ጋሼ» ብሎ አስረከበ። እስር ቤት ዕቃ ሳይቆጠር ማንም ከወርክሾፕ አይወጣም። ባለቤቱ ዕቃ ሲጠፋበት የኖረ ሰው ነበርና በማግስቱ ሳይነጋ ደወለልን። እስካሁን እዚያው ነው። ታሪክን መደበቅ አልወድም፤ በሦስተኛው ወር ሌላ ሰው ሲነግረው አሠሪው የሚናደደው በእስሩ ሳይሆን በመዋሸቱ ነው።

ተያዥ የምትሆኑ ከሆነ ፊርማችሁ ምን ድረስ እንደሚያስጠይቃችሁ አንብቡ። አቅም ከሌላችሁ «አልችልም» በሉት፣ በተስፋ አታመላልሱት። ለሥራ መጀመሪያ ብር ስትሰጡትም በእጁ ከመስጠት ዕቃውን አብራችሁ ግዙ። ዘመድ ሁሉ ሰምቷል፣ ከየአቅጣጫው «አበድረኝ» ይመጣበታል፣ እምቢ ማለት ደግሞ ገና አልለመደም። ትንሽ ትንሽ ማግኘት ሲጀምር የሰፈር እቁብ አስገቡት፣ ታዲያ የመጀመሪያውን ዕጣ አትስጡት። እድርም ያስመዝግቡት። የለቅሶ ድንኳን የሚተክል ሰው ሰፈሩ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ሴት ከሆነች

ለሴት ባጃጅ አይደረደርም። እንደውም «ሐረር አክስትሽ ጋ ትንሽ ቆዪ» ትባላለች፣ የሰው አፍ ፈርተው። ባል ሌላ አግብቷል፣ ልጆቿ አማቷ ጋ ናቸው፣ ትንሹ «እማዬ» የሚለው ሌላ ሴት ነው። መጀመሪያ የምትፈልገው ልጆቿን ማየት ስለሆነ ያንን አመቻቹላት፣ በአንድ ጊዜ ግን ልጆቹን ነጥቃችሁ አታስረክቧት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይና ሳምቡሳ ይዛ ትሂድ፣ ልጆቹ ይልመዷት። ለብቻዋ የሚሆን የራሷ ገቢም ያስፈልጋታል፤ ለማደሪያ ብላ ወደ ማትፈልገው ወንድ እንዳትሄድ።

ስሙ እንዲጸዳ

ይሄን ብዙ ሰው ስለማያውቀው አስረግጬ ልንገራችሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ መሰየም የሚባል ነገር ደንግጓል። በጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌላ ቅጣት ከሆነ ደግሞ 2 ዓመት ካለፈው፣ በመልካም ጠባይ በታወቀ ቦታ ከኖረና የተፈረደበትን ካሣ በአቅሙ ከከፈለ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ከተፈቀደለት የጥፋተኝነቱ መዝገብ ይሰረዝለታል፣ ያጣቸው መብቶች ይመለሱለታል፤ ከዚያ በኋላ በክፋት የድሮውን እያነሳ የሚሰድበው ሰው «እውነት ነው የተናገርኩት» ብሎ ማምለጥ አይችልም፣ በስም ማጥፋት ይጠየቃል።

ስለዚህ የካሣ ክፍያ ደረሰኝ አንድም አይጣል። የኪራይ ውል፣ የእድር ደብተር፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ ሁሉም አንድ ፌስታል ውስጥ ይቀመጥ፣ የተፈታበትን ቀንም ላዩ ላይ ጻፉበት። ጠበቃ የሚከፍሉት ካጡ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ፌስታሉን ይዛችሁ ሂዱ፣ ማመልከቻውን መጻፍ ላይ ይረዷችኋል።