በፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳ ውስጥ የአየር ዲፊዩዘር እንዴት ይሰላል፣ እንዴት ይገጠማል

በፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። የሚተነፍሱትን ኦክስጅን የሚያደርስላቸው በገንዳው ወለል ላይ የተደረደረው ዲፊዩዘር ነው። አየር የመንፋቱ ሥራ ብዙ ጊዜ ከማጣሪያው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ግማሽ ያህሉን ስለሚወስድ፣ እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት በየወሩ ይከፈልበታል።

ከዚህ በታች የምናየው በብዛት የሚሠራበትን፣ ስፋቱ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ክብ የጎማ ዲፊዩዘር ነው። ጎማው በጥቃቅን ስንጥቆች የተበሳሳ ነው። አየር ሲገፋው ስንጥቆቹ ተከፍተው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን አረፋ ያወጣል፤ አየሩ ሲቆም ይከደናሉ። ትንሽ አረፋ ቀስ ብሎ ስለሚወጣና ለመጠኑ ሰፊ ገጽ ስላለው ኦክስጅኑን በደንብ ለውሃው ይሰጣል።

1. የኦክስጅን ፍላጎቱን ያስሉ። ለሚወገደው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ቢኦዲ (ባክቴሪያዎች የሚበሉት ቆሻሻ በሚፈልገው ኦክስጅን የሚለካበት መጠን) ከ1 እስከ 1.2 ኪሎ ኦክስጅን ይያዙ። አሞኒያም ወደ ናይትሬት እንዲለወጥ ከተፈለገ በእያንዳንዱ ኪሎ የአሞኒያ ናይትሮጅን ላይ 4.57 ኪሎ ይጨመራል፤ ይህን የዘነጋ ስሌት ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ለምሳሌ በቀን 120 ኪሎ ቢኦዲ ብቻ ለሚያስወግድ ገንዳ፣ 120 በ1.1 ሲባዛ 132 ኪሎ፣ በሰዓት 5.5 ኪሎ ኦክስጅን ይሆናል።

2. ወደ አየር መጠን ይለውጡት። ዲፊዩዘሩ 4.25 ሜትር ውሃ ከላዩ ካለ፣ በንጹህ ውሃ ውስጥ በየሜትሩ 6 በመቶ ገደማ፣ በድምሩ 25 በመቶ ያህሉን ኦክስጅን ያሟሟል። ፍሳሽ ግን ንጹህ ውሃ አይደለም። ሳሙናና ቅባት ይህን አቅም በግማሽ ያህል ሊቀንሱት ይችላሉ፤ በገንዳው ውስጥ በሊትር 2 ሚሊ ግራም የሟሟ ኦክስጅን እንዲቆይ ማድረጉም ከቀረው ላይ ሩብ ያህል ይወስዳል። የሚቀረው 10 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.28 ኪሎ ኦክስጅን ስለሚይዝ፣ የሚያስፈልገው አየር በሰዓት 200 ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። የአምራቹን የንጹህ ውሃ ቁጥር እንዳለ ወስዶ ብሎወር (አየር የሚነፋውን ማሽን) የሚገዛ ሰው ገንዳው ሲታፈን ማየቱ አይቀርም።

3. ብዛቱን ይወስኑ። አንዱ ዲፊዩዘር በሰዓት 3 ሜትር ኩብ እንዲለቅ ካደረጉ 67 ያህል ይበቃል፤ 70 ይግጠሙ። ጥቂት ገዝቶ በእያንዳንዱ ብዙ አየር መግፋት ቆጣቢ ይመስላል፣ ግን አረፋው ያብጣል፣ የሚሟሟው ኦክስጅን ያንሳል፣ ጎማውም ቶሎ ያልቃል። ዝቃጩ ወለሉ ላይ እንዳይተኛ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ቢያንስ በሰዓት 2.2 ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል።

4. የብሎወሩን ግፊት ይምረጡ። 4.25 ሜትር ውሃ 42 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። አየሩ ጎማውን ለማለፍ የሚፈልገውን 4 ወይም 5፣ ቧንቧውን ለማለፍ 3፣ ጎማው ሲያረጅና ሲደፈን ለሚጨምረው 5 ሲደምሩበት 55 ይሆናል። በዚህ ግፊት የሚወጣው አየር ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ስለሚችል ወደ ገንዳው የሚወርደው ቧንቧ የማይዝግ ብረት ይሁን። ፒቪሲ ወለሉ ላይ፣ ውሃ ውስጥ ብቻ ይዘርጋ።

5. ይግጠሙ። ቧንቧውን ከወለሉ 20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው በሚስተካከል እግር ላይ ያስቀምጡ። ሁሉም ዲፊዩዘሮች እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው፤ ልዩነቱ ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። አየር ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ ከፍ ያለው ብዙ ይለቃል፣ ዝቅ ያለው ዝም ይላል፤ ዝም ያለው ላይ ደግሞ ዝቃጭ ይጋገርበታል። ከገንዳው ዳር እስከ ዳር ለመለካት ውሃ የተሞላ ግልጽ ላስቲክ ቱቦ ከአጭር የግንበኛ ውሃ ልክ ይሻላል። ከመስመሩ ዝቅተኛ ጫፍ ወደ ላይ የሚወጣ ቀጭን የእርጥበት ማውጫ ቱቦ ከነቫልቩ አይርሱ።

6. ገንዳው ሳይሞላ ይፈትሹ። ከዲፊዩዘሮቹ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ንጹህ ውሃ አድርገው ትንሽ አየር ይልቀቁ። ከመጋጠሚያ የሚወጣ ትልቅ አረፋ ካለ ያጥብቁ፤ ጭራሽ የማይለቀውን ከፍታውን ያስተካክሉ። ጎማው ፀሐይ ላይ ደረቅ ሆኖ መሰንበት ስለሌለበት ሥራ እስኪጀመር በውሃ ይሸፈን።

ሥራ ከጀመረ በኋላ የግፊት መለኪያው ብዙውን ይናገራል። አየሩ ሳይጨምር ግፊቱ ቀስ በቀስ ከወጣ ጎማው እየተደፈነ ነው፤ ከውጭ አተላና ኖራ፣ ከውስጥ ደግሞ የብሎወሩ ማጣሪያ ያሳለፈው አቧራ። አምራቹ እስከፈቀደው ከፍተኛ መጠን ድረስ አየሩን ለ20 ደቂቃ ያህል ከፍ አድርጎ መመለስ አተላውን ያራግፋል፤ ኖራውን የሚያወጣው አሲድ ነው። ግፊቱ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ውሃው እንደ ፏፏቴ ከተንፈቀፈቀ ግን ጎማ ተቀዷል ወይም ቧንቧ ተሰብሯል። ለመጠገን አየሩን ያቁሙና ገንዳውን ያራግፉ። አየር በሞላበት ውሃ ላይ ሰውነት አይንሳፈፍም፣ ዋናተኛም ይሰምጣል።

ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ዘይትና ቅባት የበዛበት ፍሳሽ ግን ማለስለሻውን አውጥቶ ስለሚያደርቀው፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የሲሊኮን ወይም የፖሊዩሬቴን ጎማ ቢገዛ ይመረጣል።