በሸራ ጀልባ ወደ ፊጂ፦ ከመግቢያ ወደብ እስከ መንደር ፈቃድ

ፊጂ በደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ከ300 በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን፣ ሰው የሚኖርባቸው ከእነዚህ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ናቸው። በራሱ የሸራ ጀልባ የሚመጣ እንግዳ አውሮፕላን ወደማያርፍባቸው ደሴቶች የመድረስ ዕድል ቢኖረውም፣ ሁለት ፈቃዶችን ማግኘት ይጠበቅበታል። አንደኛውን በወደብ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይሰጡታል፤ ሁለተኛውን መልሕቅ ከሚጥልበት ዳርቻ ያለው መንደር ይሰጠዋል። ብዙዎች ለመጀመሪያው በጥንቃቄ ተዘጋጅተው ሁለተኛውን ቢደረግም ባይደረግም ልዩነት እንደሌለው ወግ ይመለከቱታል፤ በእኔ እምነት ግን ጉዞው የሚያምረውም የሚበላሸውም በዚህ በሁለተኛው ነው።

የጉዞውን ወቅት የሚወስነው ነፋስ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በአመዛኙ ሳያቋርጥ ስለሚነፍስ፣ ጀልባዎች የሚጓዙት በእነዚህ ወራት ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው የሳይክሎን፣ ማለትም የብርቱ አውሎ ነፋስ፣ ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 የደረሰው ሳይክሎን ዊንስተን 44 ሰዎችን መግደሉንና መንደሮችን ማፈራረሱን ያስታወሰ ሰው በዚያ ወቅት በክፍት ባሕር ላይ አይቆይም። ጀልባቸውን በዚያ ወቅት በአገሩ ማቆየት የሚፈልጉ ሰዎች በምዕራባዊቷ የወደብ ከተማ በላውቶካ አቅራቢያ በሚገኘው የቩንዳ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) በመሬት ውስጥ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ያስቀምጡታል፤ የጀልባው የታችኛው ክፍል ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚገባ ነፋሱ በቀላሉ ሊገለብጠው አይችልም።

በምሥራቅ ካለችው ጎረቤት አገር ከቶንጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ጀልባ በመጀመሪያ የሚያገኘው በፊጂ ምሥራቃዊ ዳር ያሉትን የላው ደሴቶችን ነው። ይሁንና የመግቢያውን ሥርዓት ሳይፈጽሙ በመግቢያ ወደብነት ባልተሰየመ ደሴት አጠገብ መልሕቅ መጣል ክልክል ስለሆነ፣ አብዛኞቹ ላውን ሳይቆሙ አልፈው ቫኑዋ ሌቩ በተባለችው ትልቅ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ ወደምትገኘው የመግቢያ ወደብ፣ ወደ ሳቩሳቩ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ላውን ለመጎብኘት ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም በነፋሱ ፊት ለፊት መመለስ ግድ ይሆናል። ነፋሱ የሚለዝብባቸውን ወይም ወደ ሰሜን የሚዞርባቸውን ጥቂት ቀናት በትዕግሥት መጠበቅ ስለሚያስፈልግ፣ ላውን የሚያስብ ሰው በዕቅዱ ውስጥ ትርፍ ሳምንታትን ቢይዝ ይበጀዋል። ከኒውዚላንድ የሚመጡ ግን ከ1,000 የባሕር ማይል በላይ ወደ ሰሜን ተጉዘው በዋና ከተማዋ በሱቫ፣ በሳቩሳቩ ወይም በምዕራብ በኩል በላውቶካ ሊገቡ ይችላሉ።

ጀልባው ከመድረሱ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት የመድረሻ ማስታወቂያ ቅጹን ሞልቶ ለጉምሩክ መላክ ያስፈልጋል። ወደቡ ሲቃረቡ የመግቢያ ፍተሻ እንደሚጠብቁ የሚያመለክተውን ቢጫ ሰንደቅ ይስቀሉ፤ መምጣትዎን በሬዲዮ ያሳውቁ፤ የጤና፣ የባዮሴኪዩሪቲ (የተባይና የበሽታ ቁጥጥር)፣ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሠራተኞች መጥተው ሥራቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ከጀልባው ማንም አይውረድ። ከመጡበት አገር የተሰጠዎትን የመውጫ ሰነድ፣ የጀልባውን የምዝገባ ወረቀት፣ የሁሉንም ተጓዦች ፓስፖርትና የስም ዝርዝር በአንድ ማኅደር አዘጋጅተው ይጠብቁ። ትኩስ ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ ሥጋና ማር ሊወረሱ ስለሚችሉ ከመድረስዎ በፊት ቢጨርሷቸው ይሻላል። ከሥራ ሰዓት ውጭና በሳምንቱ መጨረሻ ለሚሰጥ አገልግሎት ተጨማሪ ክፍያ ስላለ፣ መድረሻዎን በሥራ ቀን ጠዋት ቢያደርጉ ገንዘብም ድካምም ይቀንሳል። ይህ ሲያበቃ ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው ለመንቀሳቀስ የጉምሩክ ፈቃድ፣ መንደሮችን ለመጎብኘት ደግሞ ከኢታውኬይ (የአገሬው ተወላጆች) ጉዳዮች ሚኒስቴር የሚሰጠውን ደብዳቤ ይጠይቁ።

በደሴቶቹ መካከል ያለው ትልቁ አደጋ የኮራል ዐለት ነው። የአንዳንዱ አካባቢ የባሕር ካርታ ልኬቱ እጅግ የቆየ ከመሆኑ የተነሣ ጂፒኤሱ የሚያሳየው ቦታና ዐለቱ በእርግጥ ያለበት ቦታ ላይገጥሙ ይችላሉ፤ ስለሆነም ከካርታው በተጨማሪ የሳተላይት ፎቶግራፎችን ይዞ መሄድ፣ በጠባብ መግቢያዎች የሚታለፈውም ፀሐይ ከፍ ባለችበት፣ በግምት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይዋን ከኋላ በማድረግ መሆን አለበት። አንድ ሰው ከፍ ብሎ ውኃውን ይመልከት፦ ጥቁር ሰማያዊው ጥልቅ ነው፣ አረንጓዴው እየሳሳ የሚሄድ ነው፣ ቡናማው ዐለት ነው። ሰማዩ ከደመነ ግን ውጭ መጠበቅ እንጂ በግምት መግባት አይገባም።

መልሕቅ ከጣሉ በኋላ ከመዋኘትዎም ሆነ ዓሣ ከማጥመድዎ በፊት ወደ መንደሩ ይሂዱ። ባሕሩ በሕግ የመንግሥት ቢሆንም በልማዳዊው የማጥመጃ ክልል የማጥመድ መብት የነዋሪዎቹ ነው፤ የሚያስግሩት ዓሣም የእነርሱ ቀለብ ነው። ይዘው የሚሄዱት ስጦታ ያንጎና ነው፤ ይህም ካቫ የተባለው መጠጥ የሚዘጋጅበት ሥር ሲሆን፣ ግማሽ ኪሎ ያህል የታሰረ ነዶ ይበቃል። በሩቅ ደሴቶች ላያገኙት ስለሚችሉ ከሳቩሳቩ ወይም ከላውቶካ ገበያ ለሚጎበኙት መንደር ሁሉ የሚበቃ ያህል ይግዙ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ሱሉ የተባለውን ሽርጥ ማገልደም ከሁሉ የተመረጠ ነው። መንደሩ ውስጥ ባርኔጣና የፀሐይ መነጽር ያውልቁ፣ የማንንም ሰው ራስ አይንኩ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ቱራንጋ ኒ ኮሮ የሚባለው የመንደሩ ኃላፊ ሲሆን፣ እርሱ ወደ ባላባቱ ይወስድዎታል። በምንጣፉ ላይ እግርዎን አጣጥፈው ይቀመጡና ነዶውን በእጅ ከመስጠት ይልቅ ከፊትዎ ያኑሩት፤ ኃላፊው ስለ እርስዎ ይናገራል፣ ባላባቱ ስጦታውን ከተቀበለ በኋላ እርስዎ የመንደሩ እንግዳ ይሆናሉ። ካቫ ከቀረበልዎ አንድ ጊዜ አጨብጭበው ጽዋውን ይቀበሉና በአንድ ትንፋሽ ጠጥተው፣ ሦስት ጊዜ ያጨብጭቡ። ይህ ሥርዓት ሴቩሴቩ ይባላል፤ ችኮላ አይወድም፣ ግማሽ ቀን ቢወስድም የሚገባው ነው። እሑድ የጸሎትና የዕረፍት ቀን ስለሆነ በዚያ ቀን ወደ መንደር ለሥራም ሆነ ለጨዋታ አይውረዱ። ሲሄዱም ኃላፊውን ሳይሰናበቱ መልሕቅ አያንሡ።

ከአገሩ ለመውጣት ሲዘጋጁ ወደ አንዱ ወደብ ተመልሰው ከጉምሩክና ከኢሚግሬሽን የመውጫ ሰነድ ይቀበሉ፤ ቀጣዩ አገር፣ ቫኑዋቱም ይሁን ሌላ፣ አስቀድሞ የሚጠይቅዎት ይህንኑ ሰነድ ነው። ሰነዱ ከተሰጠዎት በኋላ በመንገድ ላይ ባሉ ደሴቶች ዳግመኛ መቆም አይፈቀድም።