ለካሜራችሁ ስንት ጊጋ ይበቃል? ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ጥር 11 ጠዋት ነው። ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ጠጠር መጣያ የለም። ውሃው ተባርኮ አልቋል፣ ጎረምሶቹ ከግንቡ ላይ እየዘለሉ መግባት ጀምረዋል። ካሜራዬን አነጣጥሬ ቁልፉን ተጫንኩ። ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ «ካርዱ ሞልቷል» ይላል። ትርፉ ካርድ ደግሞ አዘዞ፣ ቤቴ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው።

እዚያው ቆሜ የድሮ ፎቶ ማጥፋት ያዝኩ። ፀሐዩ ስክሪኑን አያሳይም፣ ሰው ይገፋል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። አጠገቤ የነበሩ አንድ እናት «ምነው ልጄ፣ እምቢ አለህ?» አሉኝ። በጥድፊያ ያጠፋሁት ለካ የከተራውን ነው፤ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ያነሳሁትን።

ከዚያ ወዲህ «ስንት ጊጋ ልግዛ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ በቁጥር አልመልስም። የሱቅ ሰው «ትልቁን ውሰድ» ይላችኋል፤ እሱ ሻጭ ነው፣ አይፈረድበትም። እናንተ ግን እንዲህ አስሉ።

መጀመሪያ፣ ከባዱን ቀናችሁን ፈልጉ

ላፕቶፓችሁን ክፈቱና እስከ ዛሬ ብዙ ፎቶ ያነሳችሁበትን የአንድ ቀን ፎልደር አውጡ። አማካይ ቀን አይጠቅማችሁም፤ ካርድ የሚሞላው በአማካይ ቀን አይደለም። ፎልደሩ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ስንት ፋይል እንዳለውና ስንት ጊጋ እንደሚይዝ እዩ። የኔ ከባድ ቀን የጥር ሠርግ ነው። ከሙሽራዋ ቤት ጀምሮ፣ በፋሲል ግቢ አድርጎ፣ ማታ አዳራሽ እስኪዘጋ 1,900 ፎቶ።

የምታነሱት ነገር ይንቀሳቀሳል ወይ የሚለው ትልቅ ልዩነት አለው። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት የትም አይሄዱም፤ ተረጋግታችሁ 40 ፎቶ ብታነሱ ይበቃል። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ሲጣላ ግን ሌላ ነው። ካሜራችሁ በሰከንድ 10 የሚያነሳ ከሆነ አንድ ጥል 100 ፎቶ ይበላል። ከዚያ ውስጥ የምትወዱት ሁለቱን ነው።

ቀጥሎ፣ አንዱ ፎቶ ስንት ይመዝናል?

ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በጄፔግ (ካሜራው ጨምቆ በሚያስቀምጠው በተለመደው ፋይል) ሲያነሳ አንዱ ፎቶ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው። በሮው (ካሜራው ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ሲሆን 30 ገደማ፤ አንዳንዱ ካሜራ ፋይሉን ሳይጨምቅ ካስቀመጠው ወደ 50 ይጠጋል። ባለ 45 ሜጋፒክስሎቹ በሮው 50 እና ከዚያም በላይ ይሄዳሉ። የራሳችሁን ለማወቅ የፎልደሩን ጠቅላላ መጠን ለፋይሉ ብዛት አካፍሉት።

የኔ ሠርግ በሮው 1,900 በ30 ሲባዛ 57,000 ሜጋባይት፣ ማለትም 57 ጊጋ ገደማ መጣ። በጄፔግ ቢሆን 19 ጊጋ ነበር። ሁለቱንም ባንድ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ 76 ይፈልጋል። ጄፔጉን ለምን እንደሚያስቀምጥ የማያውቅ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ካልተጠቀማችሁበት አጥፉት፣ ቦታ ነው የሚበላው።

ቪዲዮ ካለ ሒሳቡ ይገለበጣል

የቪዲዮ ክብደት የሚለካው በሰከንድ በሚጽፈው ሜጋቢት ነው። ሜጋቢት ከሜጋባይት ይለያል፤ ሜጋባይት የሚሆነው ለ8 ሲካፈል ነው። 4ኬ የሚባለውን ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ በ100 ሜጋቢት ከቀረጻችሁ በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት፣ በደቂቃ 750፣ በሰዓት 45 ጊጋ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት የተክሊል ሥርዓት ሳታቋርጡ ብትቀርጹ 90 ጊጋ ሄደ። ለፎቶ 64 የሚበቃው ሰው ለቪዲዮ 128 ሲያንሰው የሚገርመው ለዚህ ነው።

ያገኛችሁትን በሁለት አባዙ፣ ከዚያ ከፋፍሉት

ለመጠባበቂያ ብዬ ነው፤ የኔ 57 በሁለት 114 ነው። ስለዚህ ሁለት ባለ 64 ያዝኩ። «128» ተብሎ የተሸጠ ካርድ ኮምፒውተር ላይ 119 ብቻ ሲያሳይ አትደንግጡ። ፋብሪካው በ1,000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር በ1,024።

ለምን አንድ ትልቅ አልገዛሁም? ካሜራዬ አንድ ካርድ ብቻ ነው የሚይዘው። ያ ካርድ ከተበላሸ ሠርጉ ሙሉ ጠፋ ማለት ነው፤ ሙሽሮቹን ደግማችሁ አትድሯቸውም። ጥሎሹ በአንዱ፣ አዳራሹ በሌላው ከሆነ ግማሹ ይተርፋል። ካሜራችሁ ሁለት ካርድ የሚይዝና እያንዳንዱን ፎቶ ሁለቱም ላይ የሚጽፍ ከሆነ ግን ትልልቅ ብትገዙ ምንም አይደል። ባለ 16 ስምንት መግዛት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጥፍር የምታህል ነገር በሕዝብ መሀል ስትቀይሩ አንዷ ትወድቃለች።

ወደ ደባርቅ ወጥታችሁ ተራራ ላይ ሦስት ቀን የምታድሩ ከሆነ ማታ ማታ የምትገለብጡበት ላፕቶፕ የለም። የሦስቱንም ቀን ደምሩ።

ስትገዙ

ካሜራችሁ የቆየ ከሆነ መጀመሪያ የትኛውን ካርድ እንደሚቀበል አረጋግጡ። ኤስዲኤችሲ የሚባለው እስከ 32 ጊጋ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ኤስዲኤክስሲ ነው፣ አሮጌ ካሜራ ላያነበው ይችላል።

ካርዱ ላይ በትልቁ የተጻፈው ፍጥነት ብዙውን ጊዜ የማንበቢያው ነው። ለቪዲዮ የሚያስፈልጋችሁ የመጻፊያው ነው፤ «ቪ30» የሚል ምልክት ፈልጉ። በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው፣ ላይ ላሰላነው 4ኬ ይበቃል።

ፎርጅድ ካርድም አለ። 128 ነኝ ይላል፣ ውስጡ ግን 8 ነው። እስከ 8 ድረስ በደንብ ይሠራል፣ ከዚያ ያለው ፎቶ ባዶ ይሆናል። አንድ ሱቅ ሸጦልኝ ያየሁት ነው። አሁን አዲስ ካርድ ስገዛ፣ ሥራ ላይ ሳላውለው፣ ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባል ነፃ ፕሮግራም እስከ አፉ ሞልቼ አስነብበዋለሁ። ትልቅ ካርድ ሰዓታት ይፈጃል፤ ማታ ከፍታችሁ ተኙ፣ መብራት ካልጠፋ ጠዋት ያልቃል።

ሥራ ላይ

ካርዱን ፎርማት የምታደርጉት (ሁሉንም አጥፍታችሁ ለአዲስ ሥራ የምታዘጋጁት) ካሜራው ውስጥ ነው፣ ያውም ፎቶው ሁለት ቦታ መገልበጡን ካያችሁ በኋላ። ባዶውን በቀኝ ኪስ፣ የሞላውን በግራ ኪስ አድርጉ፤ እኔ እንዲያ ነው የምለየው።

ስክሪኑ ላይ ስንት ፎቶ እንደሚቀር የሚያሳየውን ቁጥር እያያችሁ ሥሩ። 200 ሲቀር፣ ፋታ ስታገኙ ቀይሩ፤ ዜሮ እስኪመጣ አትጠብቁ። ትርፍ ካርድ ከሌላችሁ ያኔውኑ ከሮው ወደ ጄፔግ ዙሩ፤ 200 የነበረው 600 ይሆናል።

ቆማችሁ አታጥፉ። ካጠፋችሁም ካርዱን ወዲያው አውጡት፣ ሌላ ፎቶ አትጨምሩበት። የጠፋ ፎቶ ቦታው ላይ ሌላ እስካልተጻፈ ድረስ ፎቶሬክን በመሰለ ፕሮግራም የመመለስ ዕድል አለው። የኔ የከተራ ፎቶዎች በዚያው የቀሩት፣ ባስለቀቅኩት ቦታ ላይ ጎረምሶቹን ስላነሳሁበት ነው።