ተሳቢ ሲደርብ አትጠጉት

አዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ የምትነዱ፣ ይቺን ያዙልኝ። ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለሱት ባለተሳቢዎች እርስ በርስ ሲደራረቡ መሃለኛውን ረድፍ ይዘጉታል። ከኋላ ያለው ሁሉ ይበግናል። ግን ስሌቱን እዩት፦ አንዱ በሰዓት 85፣ ሌላው 80 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ልዩነቱ 5 ብቻ ነው። የሁለቱ ርዝመትና መሃል ያለው ክፍተት ሲደመር፣ ደርቦ ለመጨረስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ሹፌሩ አላገዳችሁም፤ ጭነቱ ነው። በክላክስና በረጅም መብራት ብታዋክቡት ፍጥነት አይጨምርም።

የሚያዋጣው ትንሽ ወደኋላ መቅረት ነው። ቢያንስ የሦስት ሰከንድ ርቀት ተዉ። ስፖኪዮው ላይ የሹፌሩን ፊት ካላያችሁ እሱም አያያችሁም።

ግራው ረድፍ ክፍት ከሆነ ፍሬቻ አሳይታችሁ እለፉ፤ ከጎኑ ግን አትዘግዩ። በቀኝ ሾልኮ ማለፍ በፍጹም አይሞከርም! ተሳቢ በቀኝ ጎኑ የማያየው ቦታ ሰፊ ነው፣ ደርቦ ሲጨርስም የሚመለሰው ወደዚያው ነው። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ ብዙ ሰው በንዴት የሚያደርገው ይህንኑ ነውና።

ካለፋችሁት በኋላም ወዲያው ፊቱ አትግቡ። ሁለቱም የፊት መብራቶቹ በውስጥ መስታወታችሁ እስኪታዩ ጠብቁ። የተጫነ መኪና ፍሬን ስለያዘ ብቻ ቶሎ አይቆምም።